ጎረቤቴ ሬዲዮዬን ረበሸብኝ፤ መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱንን አራት ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ሁሉም ስለ ሬዲዮ ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ ጎረቤት አለበት። የጠያቂዎቹን ስም ትተን፣ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ማታ ማታ አጭር ሞገድ ሳልሰማ አልተኛም፤ ከወጣትነቴ የለመድኩት ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን ሬዲዮው «ዝዝዝ» ማለት ይጀምርና እስከ 4 ሰዓት አንድ ቃል አያሰማኝም። በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ ትልቅ ፓውዛ አስገብቷል። ከእሱ ነው ብዬ ብነግረው «በገንዘቤ የገዛሁት መብራት ነው፣ ሬዲዮህን ቀይር» አለኝ። ቀበሌ ሄጄ ባመለክት ደግሞ «ለሬዲዮ ነው እንዴ?» ብለው መለሱኝ። አንድ ዕድር ላይ ያለን ሰዎች አሁን ሰላምታ እንኳ የለንም። ሕግ የለም ወይ?

መልስ

ጋሼ፣ «ለሬዲዮ ነው እንዴ?» ያለዎት ሰው ነገሩ አልገባውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመባቸው ወራት ስንቱ ቤት ነው ስለ አገሩ የሚሰማው በሬዲዮ ብቻ የነበረው። ከከተማ ወጣ ካሉ ዛሬም በሬዲዮ የሚሰማው ብዙ ነው። እርስዎ የጠየቁት ትንሽ ነገር አይደለም፤ በቁም ነገር እመልሳለሁ።

ሕጉን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጩኸቱ በእርግጥ ከፓውዛው መሆኑን ማረጋገጥ አለብዎት፤ ምክንያቱም ጎረቤት ከሰሱ ማለት ነው፣ ተከሳሹ ደግሞ አብሮዎት የሚቀብር ሰው ነው። ሰዓቱ መግጠሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ምሽት 1 ሰዓት ላይ መብራት የሚያበራው እሱ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ ነው፤ እርስዎም ጭምር።

ስለዚህ ሬዲዮው ላይ ባትሪ ድንጋይ ያስገቡበትና ከሶኬት ይንቀሉት። ጩኸቱ ሲጀምር የቤትዎን መብራት ከቆጣሪው ያጥፉ። ቤቱ ጨልሞ ጩኸቱም ከጠፋ ምንጩ ከእርስዎው ቤት ነው። ከዚያ መልሰው ያብሩና አንድ በአንድ እየነቀሉ ያዳምጡ፤ የስልክ ቻርጀሩን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የዲሹን ሪሲቨር፣ ኤል ኢ ዲ አምፖሎቹን። ቤትዎ ሶላር ካለ የሶላሩን ባትሪ መሙያም አይርሱት፤ እሱ ቀን ቀን ፀሐይ ሳለ ብቻ የሚጮህ ስለሆነ ማታ ላይ ተጠርጣሪ አይሆንም፣ ቀን ላይ ግን ዋነኛው ነው።

እነዚህ ዕቃዎች ለምን ይረብሻሉ? የግድግዳውን 220 ቮልት ወደሚፈልጉት መጠን የሚያወርዱት በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጡ ነው። ያ መቆራረጥ በኤሌክትሪክ ሽቦው በኩል ያመልጣል፤ ሽቦው ራሱ አንቴና ይሆንለታል። ደኅና ዕቃ ሲሆን ውስጡ ይህን የሚያስቀር ማጣሪያ አለው። ርካሹ ላይ ግን ማጣሪያው የሚገባበት ቦታ ሰሌዳው ላይ ታትሞ ይታያል፣ ዕቃው ግን አልተገጠመበትም። የከፈቱ ሬዲዮ ጠጋኞች ያውቁታል። በሌላ በኩል አጭር ሞገድ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ከላይኛው የአየር ክፍል ተንጸባርቆ ነው የሚመጣው፤ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ እጅግ ደክሞ ነው። ለዚያ ነው በጎን ግቢ ያለ አንድ መብራት ሊውጠው የሚችለው።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሽቦ ሲበጠስ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን፤ ሁለቱ ጫፎች ተጠማዝዘው ይያያዛሉ፣ ጋገራም ይቀጥላል። ያ የተጠማዘዘው ቦታ ምጣዱ በጋለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ብልጭታ ይሠራል። ስፒናውም እንዲሁ፤ አንደኛው ጥርሱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ካዩት ሶኬቱ ውስጥ እየተቃጠለ ነው። የምጣድ ድምፅ ከመብራቱ ይለያል። ፓውዛና ቻርጀር ወጥ በሆነ «ዝዝዝ» ሲቆዩ፣ ምጣድ ግን ይንጣጣል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ይጀምራል። የእርስዎ በየቀኑ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ወጥ ሆኖ የሚቆይ ስለሆነ ምጣድ አይመስለኝም፤ እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም። ግን የጠቆረ ስፒና ካለ ለሬዲዮው ብለው ሳይሆን ለቤትዎ ብለው ዛሬውኑ ያስቀይሩት። እሳት ያስነሳል።

ከቆጣሪ አጥፍተውም ጩኸቱ ከቀጠለ፣ እንግዲህ ምንጩ ውጭ ነው። አሁን ሬዲዮውን ወደ መካከለኛ ሞገድ ያዙሩትና ጣቢያ የሌለበት፣ ጩኸቱ ብቻ የሚሰማበት ቦታ ላይ ያቁሙት። በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮው የሚቀበለው በሚዘረጋው አንቴና አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አለ፣ ፌራይት ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በሬዲዮው ርዝመት ልክ ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ ነው። ሬዲዮውን በሁለት እጅ ይያዙና ቀስ ብለው ባሉበት ይዙሩ። ጩኸቱ ድንገት የሚደክምበት ቦታ ያገኛሉ። ያኔ የሬዲዮው ግራ ወይም ቀኝ ጎን በቀጥታ ወደ ምንጩ ያመለክታል። ከዚያ ወደ ሌላው የግቢዎ ጥግ ሄደው ይድገሙት። ሁለቱ አቅጣጫዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው ጉዱ ያለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ጩኸት በመብራት መስመር ላይ ስለሚጓዝ ከሽቦ ሥር ሆነው ከሞከሩ ያሳስትዎታል። ራቅ ብለው ይሞክሩ።

አቅጣጫው ወደ ፓውዛው ካመለከተ፣ እባክዎ ማመልከቻ አይጻፉ። ሬዲዮዎን ይዘው ይሂዱ። ብቻዎን ካስቸገረዎት የዕድሩን ዳኛ ወይም ሁለታችሁንም የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ። «አንተ ረበሽከኝ» አይበሉት፤ «እስኪ አንዴ አጥፋትና አብራት» ይበሉት። በገዛ እጁ አጥፍቶ ሲያበራው ጩኸቱ ሲጠፋና ሲመጣ በጆሮው ይሰማል። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ሰበብ የፈለጉበት መስሎት ነው የቆየው፤ መብራት ሬዲዮ ይረብሻል ሲባል ማን ያምናል?

መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም። ወይ ፓውዛውን በተሻለ ዕቃ መቀየር፣ ወይ ከዚያው ከፌራይት የተሠራ ቀለበት ማስገባት ነው። መብራቱን አጥፍቶ፣ ወደ ፓውዛው የሚሄደውን ሽቦ ከፓውዛው አጠገብ በቀለበቱ ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ማጠማጠም፤ ይህን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። በአሮጌ የኮምፒውተር ገመድ ጫፍ ላይ የምትታየው ወፍራም እብጠት ያው ፌራይት ናት፤ ግን ሽቦው በውስጧ አንዴ ብቻ ስለሚያልፍ ለአጭር ሞገድ ብዙም አትረዳም። ጠጋኝ ቤት ሄደው ከወላለቀ ዕቃ ሲያፈላልጉ ግራጫ ወይም ጥቁር የሆነውን ይውሰዱ። በቢጫና በነጭ የተቀባው ቀለበት ከብረት ዱቄት የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀለበቱን እርስዎ ገዝተው ቢሄዱ ደግሞ ነገሩ ግማሹ እዚያው ያልቃል ብዬ አምናለሁ።

በራስዎ በኩልም የሚያደርጉት አለ። ቤትዎ የቆርቆሮ ክዳን ከሆነ ሬዲዮውን ከክዳኑ ሥር ማስቀመጥ ጣቢያውን ከልክሎ ጩኸቱን ብቻ ማስቀረት ነው። ከመብራት መስመር ራቅ አድርገው ውጭ፣ ዛፍ ላይ፣ ጥቂት ሜትር ሽቦ ይዘርጉ፤ ወደ ቤት የሚያስገቡት ደግሞ በተራ ሽቦ ሳይሆን በአሮጌ የዲሽ ገመድ ይሁን። በግቢው ዳር ከሚያልፈው ጩኸት ገመዱ ራሱ ይጋርድልዎታል። ክረምት ላይ ግን ደመና ሲጠቁር ሽቦውን ነቅለው ውጭ ይጣሉት። የጎጃም መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከማወክና ከመጉዳት መቆጠብ እንዳለበት ይናገራል። ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅን፣ ንዝረትን በስም ይጠቅሳል፤ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ማለፍ የለባቸውም ይላል። የአካባቢው ልማድም ይታያል። የሬዲዮ ጩኸት በስም አልተጠቀሰም፤ ሕጉ ሲወጣ ኤል ኢ ዲ የሚባል ፓውዛ አልነበረም። በእኔ አመለካከት ግን «ጎረቤትህን አታውክ» የሚለው ጠቅላላ ግዴታ ይህንንም ይሸፍናል። ስለዚህ «በገንዘቤ የገዛሁት ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። በገንዘብ የተገዛ ነገር ሁሉ እንደልብ አይደረግበትም። የአየር ሞገዱን የሚቆጣጠረው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሽምግልናው ካልያዘ፣ የሚረብሸውን ዕቃ፣ ሰዓቱንና የሞገዱን ቁጥር በጽሑፍ ይዘው ለባለሥልጣኑ ማመልከት ይችላሉ። ቀኑን እየጻፉ ቢይዙት ቀበሌም ቢሆን ሌላ ጊዜ አይስቅብዎትም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር

የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። አንድ ዘመድ ከውጭ ሁለት ባኦፌንግ የሚባል የእጅ መነጋገሪያ ሬዲዮ አምጥቶልን ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ እስከ ፔዳ ግቢ እየተነጋገርንበት ነው። ክልሉን ለማስፋት አንቴና ጣራ ላይ ሰቅለን ነበር። አከራያችን እትዬ ግን «ቴሌቪዥኔን ረበሻችሁት፣ አውርዱልኝ» አሉን። አማተር ሬዲዮ በዓለም የታወቀ መብት አይደል? እንዴት እናስረዳቸው?

መልስ

ወንድሞቼ፣ ፍላጎታችሁ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ዛሬውኑ ማስተላለፍ አቁሙ። ሬዲዮዎቹን ዝጉ፣ ባትሪያቸውን አውጡ፣ አንቴናውንም አውርዱ።

አማተር ሬዲዮ በእርግጥ በዓለም አቀፍ የሬዲዮ ደንብ የታወቀ አገልግሎት ነው። ለራስ ትምህርት፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ለቴክኒክ ምርምር ነው፤ ገንዘብ አይገኝበትም። ግን መብቱ የሚጀምረው ከፈቃዱ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው የራሱ የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል፣ ሲያስተላልፍ በእሱ ራሱን ያስታውቃል፣ በምሥጢር ኮድም አያወራም። እናንተ ይህ ሁሉ የላችሁም። ሬዲዮ መስማትና ሬዲዮ ማስተላለፍ አንድ አይደሉም። ከላይ የጻፉት መምህር ለመስማታቸው ጎረቤት ሊጠነቀቅላቸው ይገባል፤ ያለፈቃድ የሚያስተላልፍ ሰው ግን በማንም ላይ የሚያነሳው መብት የለውም።

ያቺ ትንሽ ሬዲዮ ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ሰፊ ናት። ከ136 እስከ 174 እና ከ400 እስከ 520 ሜጋኸርዝ ትከፍታለች። በእኛ የዓለም ክፍል ለአማተር የተመደበው ከዚህ ውስጥ ከ144 እስከ 146 እና ከ430 እስከ 440 ብቻ ነው። የቀረው የጸጥታ፣ የአምቡላንስ፣ የድርጅቶች ነው። ቁጥር ስትነኩ ሳታውቁት የሰው መስመር ላይ ትገባላችሁ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ጣራ ላይ አንቴና ሰቅሎ በእጅ ሬዲዮ የሚያወራ ወጣት ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር እኔ አልነግራችሁም። ተማሪዎች ነን ብላችሁ የምታስረዱት ከተያዛችሁ በኋላ ይሆናል፤ እናታችሁም የምትሰማው ያኔ ነው። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ ሳይሆን ስለማዝንላችሁ ነው።

መንገዱ ሌላ ነው። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ፤ የክለብ ጣቢያው አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂው ግቢ ነው፣ የጥሪ ምልክቱም ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። የዓለም አማተሮች ኢትዮጵያን ለማግኘት ይህን ምልክት ይጠብቃሉ። ለምን የእናንተ ግቢ ተመሳሳይ ክለብ አይኖረውም? ፖሊ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የቴክኒክ ልጅ ሲያወጣ የኖረ ግቢ ነው። አንድ መምህር አሳምኑ፣ በዩኒቨርሲቲው ስም ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ አመልክቱ። ሁለት ተማሪ ለብቻው ከሚጠይቅ ተቋም ቢጠይቅ ይሻላል። እስከዚያው ማዳመጥ አለ። ከ14 ነጥብ 000 እስከ 14 ነጥብ 350 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ነጠላ ጎን ሞገድ (ኤስ ኤስ ቢ) በሚቀበል ሬዲዮ ከሰዓት በኋላ ክፈቱት፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚያወሩ አማተሮችን ትሰማላችሁ።

የእትዬን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። የዲሽ ቴሌቪዥን ከሳተላይት የሚቀበለው ከ10 ነጥብ 7 እስከ 12 ነጥብ 75 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፤ የእናንተ ሬዲዮ በብዙ እጥፍ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በዲሹ በኩል መግባቱ ያጠራጥራል። ግን አንቴናው ከቴሌቪዥኑ በላይ ጥቂት ሜትር ላይ ከተሰቀለ፣ በስፒከር ገመድ ወይም በሪሲቨሩ ገመድ በኩል ሊገባ ይችላል። ፈቃድ ያለው አማተር ቢሆን እንዲህ ያደርጋል፦ ያስተላለፈበትን ሰዓት ይመዘግባል፣ ጎረቤት ደግሞ የተረበሸበትን ሰዓት ይጽፋል፣ ሁለቱን ያስተያያሉ። ከገጠመ ኃይሉን ቀንሶ፣ አንቴናውን አርቆ ይሞክራል። የእሱ ሞገድ ንጹሕ ሆኖ ቴሌቪዥኑ መቀበል የሌለበትን የሚቀበል ከሆነ ጉድለቱ ከቴሌቪዥኑ ነው፤ ያም ሆኖ ጨዋ አማተር ፌራይቱን ራሱ ገዝቶ ይገጥምላቸዋል። እናንተ ግን ለመሞከር እንኳ ማስተላለፍ አትችሉም። ጣራውም የእሳቸው ነው። ፈቃድ ቢኖራችሁም በተከራያችሁት ቤት ጣራ ላይ አንቴና የሚሰቀለው እሳቸው እሺ ሲሉ ነው። ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ ከመራዊ

ቡና ቤት አለኝ። ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96 ነጥብ 9ን ከፍቼ ነው የምውለው። ከጎኔ ያለው የሞባይል ዕቃ መሸጫ ልጅ በትንሽ ማሰራጫ ዘፈን ይለቃል፤ የእኔ ሬዲዮ ላይ የሱ ዘፈን ይገባል። ልከሰው?

መልስ

አይ እህቴ፣ ለክስ አትቸኩይ። ይቺ መኪና ውስጥ ሲጋራ መለኮሻ ላይ የምትሰካው ዓይነት ማሰራጫ ናት። ቁጥሯ ይቀየራል። ጣቢያ የሌለበት ቁጥር ላይ እንዲያደርጋት ንገሪው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ምናልባት የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለች ልብ ብሎም አያውቅም። ማጉያ ወይም ረጅም ሽቦ ጨምሮባት ሰፈሩን የሚያዳርስ ከሆነ ግን ያ ያለፈቃድ ስርጭት ነው። ይህንም መጀመሪያ ለራሱ ንገሪው፤ ሳያውቅ ችግር ውስጥ እንዳይገባ።

ጥያቄ፦ ከቢቸና

የእኛ ጩኸት ከማንም ቤት አይደለም። በጋ ላይ ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል። ጎረቤቴ ምሰሶውን በመዶሻ ሲመታው ለጊዜው ይተዋል። ምን ይሻላል?

መልስ

ጎረቤትዎ ምሰሶውን ሁለተኛ እንዳይመታ ይንገሩት። በጣም አደገኛ ነው፤ የላላ ሽቦ ወይም ስኒ (ሽቦው ምሰሶው ላይ የሚታሰርበት መያዣ) ላዩ ላይ ሊወርድበት ይችላል።

የነገሩኝ ምልክት ግን ጥሩ ፍንጭ ነው። ምሰሶው ላይ የላላ ብሎን ወይም ማሰሪያ አለ። ደረቅ ሲሆን በክፍተቱ መካከል ብልጭታ ይዘላል፤ ዝናብ ሲያርሰው ክፍተቱ በውኃ ስለሚገናኝ ብልጭታው ይቆማል። መዶሻውም ለጊዜው ስላጠጋጋው ነው ዝም ያለው። በተቃራኒው እርጥበትና ጉም ሲሆን የሚብስ ቢሆን ኖሮ ስኒው ላይ አቧራ ተጋግሮበታል እንል ነበር።

ይህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። 905 ይደውሉ ወይም ቢሯቸው ይሂዱ። «ሬዲዮዬን ረበሸኝ» ብቻ ካሏቸው ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡዎት። «ምሰሶው ላይ ብልጭታ አለ» ይበሏቸው፤ እውነት ነውና። ጨለማ ላይ ከሩቅ ቆመው ያዩት ብልጭታ ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ፣ ምሰሶው የትኛው ቤት ወይም ሱቅ ፊት እንደቆመ ለይተው ይንገሯቸው፣ ሁለት ሦስት ጎረቤትም አብሮ ይፈርም።